«ሜርሲ» ያልኩባቸው ምሽቶች፤ ከአንድ የፈረንሳይ ቤተሰብ ጋር ሰባት ወር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ ወንድሞችና እኅቶች፤

የዚህ ምሽት አዘጋጆች ፈረንሳይ አገር የእንግሊዝኛ ቋንቋ ረዳት ሆኜ ስለሠራሁበት ጊዜ እንድናገር ጋብዘውኛል። ሥራው በሳምንት 12 ሰዓት ብቻ ስለነበረ ስለ እርሱ የምለው አጭር ነው፤ የቀረውን ጊዜ ያሳለፍኩት በአንድ ቤተሰብ ቤት፣ በአንድ ገበታ ዙሪያ ነውና፣ ብትፈቅዱልኝ ከትምህርት ቤቱ ይልቅ በቤቱ ላይ ብቆይ እመርጣለሁ። ከኦክቶበር 2018 እስከ ኤፕሪል 2019 በነበሩት ሰባት ወራት፣ ስፈራው የነበረው ሰዋስው ብዙም አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ እሺ ማለትና እምቢ ማለት ነው። ሰው ምግብ ሲያቀርብላችሁ፣ «አንቱታውን ተዪው» ሲላችሁ፣ በአንገታችሁ ያሰራችሁትን ሲጠይቃችሁ፣ በምን ቃል፣ በስንተኛው ጊዜና በምን ዓይነት ፊት እንደምትቀበሉ ወይም እንደምትመልሱ መዝገበ ቃላት አይነግራችሁም።

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር ያህል፣ ተወልጄ እስከ 13 ዓመቴ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው እዚያው ካለው የፈረንሳይ ኤምባሲ፣ በድሮው አጠራር ከለጋሲዮኑ፣ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በልጅነቴ በግቢው አጥር ሥር በየቀኑ እየተመላለስኩ አንዲት የፈረንሳይኛ ቃል እንኳ አላውቅም ብዬ አስብ ነበር፤ ኋላ ወደዚህ ወደ ቨርጂኒያ መጥቼ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፈረንሳይኛ ስጀምር ግን፣ «ለገሃር» የምንለው «ላ ጋር»፣ ማለትም ባቡር ጣቢያ፣ «ዶሴ» የምንለውም ያው የእነርሱ «ዶሲዬ» መሆኑን ተረዳሁ። ዶሴን ያነሣኋት በከንቱ አይደለም፤ ፈረንሳይ ስገባ ከሰው ሁሉ ቀድማ የተቀበለችኝ እርሷ ናት።

ፕሮግራሙ የፈረንሳይ መንግሥት በየዓመቱ ከልዩ ልዩ አገሮች ወጣቶችን እየቀጠረ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን ወይም የተማሩበትን ቋንቋ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን እንዲያለማምዱ የሚያደርግበት ነው፤ የሚያስተባብረውም በፓሪስ አጠገብ፣ ሴቭር ላይ ያለ የትምህርት ሚኒስቴሩ ተቋም ነው። ከአሜሪካ የሚያመለክቱት ዜጎች ብቻ ሳይሆኑ ግሪን ካርድ ያላቸውም ስለሆኑ እዚህ የተቀመጣችሁትን ወጣቶች ይመለከታል፤ ማመልከቻው በአብዛኛው በኦክቶበር ተከፍቶ በጃንዋሪ አጋማሽ ይዘጋል። ውሉ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ነው። በእኔ ጊዜ ተቆራርጦ እጅ የሚገባው 790 ዩሮ ገደማ ነበር፤ በዚህ ገንዘብ ፓሪስ መኖር ጭንቅ ነው፣ በትንሽ ከተማ ከቤተሰብ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ ግን ይኖራሉ። እኔ በወር 250 ዩሮ እከፍል ነበር፤ እራት በዚያው ውስጥ ነው።

ወደ ዶሴዋ ልመለስ። ደመወዝ እንዲገባ የፈረንሳይ የባንክ ሂሳብ ያስፈልጋል፤ ሂሳብ ለመክፈት የመኖሪያ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ የመኖሪያ ማስረጃ ማለት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በስም የመጣ የመብራት ቢል ማለት ነው። ሰው ቤት የሚኖር ሰው በስሙ መብራት ስለማይመጣለት፣ ባለቤቱ «እገሊት ከእኔ ቤት ትኖራለች» ብሎ ጽፎና ፈርሞ፣ የመታወቂያውን ቅጂና የራሱን ቢል አያይዞ ይሰጣል። ካወቁኝ ገና ሦስት ቀን የሆናቸው ባልና ሚስት ያንን ወረቀት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው ሲጽፉልኝ፣ ዋስ የተጠራልኝ ያህል ተሰምቶኛል። ቀሪውን የወረቀት ጣጣ ልዝለለው፤ ያየው ያውቀዋል፣ ያላየው አይጓጓ።

የደረሰኝ ከተማ ሌ ፑዊ አን ቨሌ ይባላል። በኦቨርኝ በኩል፣ ጥንት እሳተ ገሞራ በተፋው ምድር ላይ የተቆረቆረ፣ ከባሕር ወለል ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ ክረምቱ በረዶ አዝሎ የሚነፍስ «ቡርል» የሚሉት የሰሜን ነፋስ ያለበት አገር ነው። ለሐበሻ ዓይን እንግዳ አይደለም። ከቤቶቹ መካከል እንደ ጣት ቀጥ ብሎ በቆመ ድንጋይ ጫፍ ላይ በ10ኛው መቶ ዓመት የታነጸ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ 268 ደረጃ ተወጥቶ ነው የሚደረሰው፣ ደብረ ዳሞን ያለ ገመድ አስቡት። በሌላው ቋጥኝ ላይ ደግሞ 16 ሜትር የሚረዝም ቀይ የእመቤታችን ሐውልት ልጇን ታቅፋ ቆማለች።

በመጀመሪያው እሑድ ወደዚያ የወሰዱኝ የቤቱ አባወራ ናቸው። ሐውልቱ በ1860 እንደተመረቀ፣ ብረቱም በክሪሚያ ጦርነት ከተማረኩ 213 መድፎች እንደቀለጠ ሲያስረዱኝ፣ መድፎቹ ከየት እንደመጡ ጠየቅኋቸው። «ከሴባስቶፖል» አሉኝ። ሳቄ አመለጠኝ። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ አሠርተው መቅደላ ድረስ ያስጎተቱት መድፍ ስም መሆኑን ለማስረዳት ያን ጊዜ የነበረኝ ፈረንሳይኛ አልበቃም፤ እጄን እያወናጨፍኩ መንኰራኩርና ዳገት ስሠራላቸው ሰውየው በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ የጦር ሜዳ ስም እነርሱ ዘንድ ማርያም ሆነ፣ እኛ ዘንድ መድፍ ሆነ ብዬ ለብቻዬ ተደነቅሁ።

ቤተሰቡ አራት ነው። ሴትዮዋ ነርስ፣ ባልየው የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ ሁለቱም ወደ 60 የተጠጉ፤ የ16 ዓመት ልጅ አለ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ የ86 ዓመቷ አያት ይመጣሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ በቤታችን ልማድ ሴትዮዋን ማዳም፣ ሰውየውን ሙሴ እያልኩ ልቀጥል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ራት እንግባ። ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ ማዳም ትልቅ የሸክላ ድስት አምጥተው ጠረጴዛው መሀል አስቀመጡና ክዳኑን ሲያነሡ ያየሁት ምስር ነው። ልቤ ረጋ። የሌ ፑዊ ምስር በፈረንሳይ የታወቀ ነው፤ በዚያ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ የሚበቅል፣ ደቃቅ፣ አረንጓዴ፣ ጠቆር ያለ ዥጉርጉር ያለበት፣ ከ1996 ጀምሮ በአገሩ ስም በሕግ የተጠበቀ እህል ነው። ተቀቅሎ አይፈርስም፤ ድፍን ምስራችን ማለት ነው። «ይህ የአገራችን ነው» ብለው ማዳም በጭልፋ ሲያወጡ፣ ከምስሩ ሥር ሮዝ መልክ ያለው ሥጋ ብቅ አለ። በጨው የተቀመጠ አሳማ ነው። ምግቡ «ፕቲ ሳሌ» ይባላል፤ ለእንግዳ የሚቀርብ የአካባቢው ኩራት ነው። የጾም እህል የምለውን ምስርና በሕይወቴ ቀምሼው የማላውቀውን ሥጋ በአንድ ሳህን አድርገው ሊሰጡኝ ነው።

ምን አደረግሁ? እናቴ ያሳደገችኝን አደረግሁ። በአገራችን እንግዳ መጀመሪያ አይቀበልም፤ «በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል፣ ባለቤት ይለምናል፣ እንግዳ ይግደረደራል፣ ባለቤት «በሞቴ» ይላል፣ ከዚያ ይቀርባል። እኔም ፈገግ ብዬ «ሜርሲ» አልኩ፤ በልቤ «ምስሩን ብቻ» ለማለት ሁለተኛውን ልመና እየጠበቅሁ። ሁለተኛ ልመና አልመጣም። ማዳም «እሺ» ብለው ጭልፋውን ወደ ልጃቸው አዞሩ። ያን ሌሊት ዳቦና ሰላጣ በልቼ ተኛሁ።

ኋላ እንደተማርኩት፣ በፈረንሳይኛ አንድ ነገር ሲቀርብላችሁ «ሜርሲ» ብቻ ብትሉ «አልፈልግም» ማለታችሁ ነው። የሚቀበል ሰው «ዊ፣ ቮሎንቲዬ» ወይም «ዠ ቬ ቢዬን» ይላል፤ በደስታ፣ እወዳለሁ እንደማለት ነው። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ቋንቋ በአንዲት «አመሰግናለሁ» አስራበኝ። ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ፣ እነርሱ ዘንድ እምቢ ያለን ሰው ደግሞ መጠየቅ ነውር መሆኑ ነው። ሰው አልፈልግም ካለ አውቆ ነው ብለው ያከብሩታል። እኛ ዘንድ አንዴ ጠይቆ የተወ ባለቤት ልቡ የለበትም ይባላል። ሁለቱም አክብሮት ነው፤ በመካከል የቆመ ሰው ግን ይራባል።

ማቀዝቀዣውም እንደዚያው ነው። በሁለተኛው ቀን ማዳም «እንደ ቤትሽ ሁኚ» ብለው ለሥራ ወጡ፤ እኔ እስኪመለሱ ድረስ ውኃ ብቻ ጠጥቼ ጠበቅኋቸው። በሰው ቤት ማቀዝቀዣ መክፈት እጄ እምቢ አለኝ። እርሳቸው የተናገሩት ቃል በቃል ነበር፤ እኔ የሰማሁት የወግ ንግግር ነበር። በሳምንቱ መጨረሻ ሙሴ ለሚስታቸው «ይህች ልጅ እንደ ወፍ ነው የምትበላው» ሲሉ ሰማሁና ክፍሌ ገብቼ ሳቅሁ፤ ትንሽም አለቀስኩ።

መውጫው የመጣው ከሥራ ነው። የፈረንሳይ ቤቶች መስኮት ከውጭ በኩል የእንጨት መዝጊያ አለው፤ «ቮሌ» ይሉታል። ሲመሽ ይዘጋል፣ ሲነጋ ይከፈታል፤ በዚያ ቤት ይህ እንደ ጸሎት የማይቀር ነው። አንድ ቀን ማዳም እጃቸው ሊጥ ስለነበር «ቮሌዎቹን ዝጊልኝ» አሉኝ። ከታች ስድስት፣ ከላይ አምስት፤ የሳሎኑ የግራ መዝጊያ ወደ ላይ ካልተነሣ አይገጥምም። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቮሌ የእኔ ሥራ ሆነ፤ ቮሌ የሚዘጋ ሰው ደግሞ ማቀዝቀዣ መክፈት አያፍርም። የማጠቢያ ማሽኑ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ፣ መብራት በሚረክስበት ሰዓት፣ ብቻ እንደሚከፈት፣ ማሞቂያው ከ19 ዲግሪ እንደማያልፍ፣ ለብርድ የሚለበሰው ሹራብ እንጂ የሚጨመረው ማሞቂያ እንዳልሆነ ሁሉ ያወቅሁት እንደ እንግዳ መታየቴ ሲቀር ነው። አንድ ጊዜ ቡና ልቁላላቸው ብዬ የጭስ ማስጠንቀቂያው እየጮኸ ጎረቤት ሁሉ ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ቡና የምቆላው በረንዳ ላይ፣ ካፖርት ለብሼ ነበር።

ሁለተኛው ፈተና አጠራር ነው። ፈረንሳይኛ እንደ አማርኛ አንቺና እርስዎ አለው፤ «ቱ» እና «ቩ»። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቁት የአሜሪካ ጓደኞቼ በዚህ ሲጨነቁ፣ እኔ «ይህ የእኛ ነገር ነው» ብዬ ተዝናንቼ ነበር። መዝናናቴ አንድ ሳምንት አልቆየም። ማዳም በሦስተኛው ቀን «እንግዲህ ቱ እንባባል» አሉ። የእናቴ ታላቅ የሚሆኑ ሴት፣ ያውም ያበሉኝን፣ አንቺ ልል ነው! አፌ አልታዘዝ አለ። በትምህርት ቤቱም ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው መምህር በመጀመሪያው ቀን «ቱ» ካላልሽኝ ብለው ተቆጡኝ፤ ባልደረቦች እርስ በርስ እንዲያ ናቸው። ተማሪዎቹ ብቻ «ቩ» ይሉኛል፤ ከእነርሱ የማንሰው ግን እኔ እመስላለሁ።

እምቢ እንዳልል ቅር ይላቸዋል፣ እሺ እንዳልል እናቴ ከቨርጂኒያ ትሰማኛለች። ስለዚህ ለሁለት ወር ያህል ተውላጠ ስም የሌለው ፈረንሳይኛ ተናገርኩ። «ጨው ታቀብዪኛለሽ ወይስ ያቀብሉኛል» እንዳልል «ጨው እዚያ ጋ ይኖር ይሆን?» እላለሁ። «ደክሞሻል ወይ» እንዳልል «ዛሬ ሆስፒታሉ ከባድ ነበር መሰለኝ» እላለሁ። ፈረንሳይኛዬ እንደዚያ ዘመን ተለማምዶ አያውቅም። አንድ ምሽት ልጁ ደረሰበትና «እናቴን ምንም ብለሽ አትጠሪያትም» ብሎ በገበታ ላይ አጋለጠኝ። ጉዳዩን ከአማርኛው አነሣሁና አስረዳሁ፤ አንቱታ በእኛ ዘንድ የሚያርቅ አጥር እንዳልሆነ፣ የገዛ አያቴን አንቱ እያልኩ እቅፋቸው ውስጥ እተኛ እንደነበር ነገርኋቸው። ማዳም ጥቂት አሰቡና «እንግዲያስ እኔ ቱ እልሻለሁ፣ አንቺ እንደ አያትሽ ጥሪኝ» አሉ። በዚሁ ተስማማን። እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ እርሳቸው ቱ፣ እኔ ቩ፤ ሰው ሲሰማን ግራ ይገባው ነበር።

ስለ «ማዳም» አንድ ነገር ጣልቃ ላግባ። ቤይሩት ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት የሠራች አክስት አለችኝ። ከሌ ፑዊ ደውዬ «ማዳም እንዲህ አሉ፣ ማዳም እንዲህ አደረጉ» እያልኩ ሳወራት ዝም አለችኝ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ፓስፖርትሽ በእጅሽ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በእጄ ነው፣ የቤቱ ቁልፍም በእጄ ነው፣ ከፍዬ ነው የምኖረው ብላትም ወዲያው አላመነችም፤ ቁልፉን ፎቶ አንስቼ ላኩላት። ያው አንድ ቃል በእርሷ ጆሮ የሚያሰማው ሌላ ነው። ከዚያ ወዲህ ለእርሷ ሳወራ «ሴትዮዋ» እላለሁ።

ስለ ትምህርት ቤቱ ያልኩትን ጥቂት ቃል እዚህ ላይ ልበል። የተመደብኩት በአንድ ሊሴ፣ ማለትም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ መምህሩ ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ይሰጠኝና እናወራለን። በዚያ ዓመት የባካሎሬያ፣ ማለት የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ፣ ተፈታኞች በአራት ርእሶች፣ በተረትና ጀግና፣ በቦታና ልውውጥ፣ በሥልጣን፣ በዕድገት ዙሪያ በቃል ይፈተኑ ስለነበር ሥራዬ ባብዛኛው እነርሱን ማናገር ነበር። ልጆቹ ይጽፋሉ፤ ለመናገር ግን አፋቸው ይታሰራል። ከ20 የሚታረመው ውጤታቸው 14 ሲሆን የሚደሰቱበት፣ 20 ደግሞ እንደ ተረት የሚወራበት አገር ነውና፣ ስሕተት ከዝምታ ይልቅ ያሳፍራቸዋል። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ከየት ነሽ?» ከአሜሪካ። «አይ፣ በእውነት ከየት?» ይህን ጥያቄ ለትምህርት አዋልኩት፤ በእንግሊዝኛ በትክክል የጠየቀኝ ብቻ መልስ ያገኛል አልኩ። ያን ቀን ያልተናገረ የለም።

በሁለተኛው ሳምንት ከኃላፊዎቹ አንዱ ለብቻዬ ጠርተው፣ በአንገቴ ያለውን መስቀል በጨዋ ቃል አነሡ። እኔ የሰማሁት የ2004ቱን ሕግ፣ ተማሪዎች ጎልቶ የሚታይ የሃይማኖት ምልክት እንዳይለብሱ የሚከለክለውን ነበር፤ ምልክቴ ደግሞ ትንሽ ናት። ነገር ግን ለመንግሥት ሠራተኛ የሚሠራው ደንብ ከዚያ የቆየና የጠበቀ ነው፤ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ከተለያዩበት ከ1905 ወዲህ ሲጠነክር የመጣው የገለልተኝነት ግዴታ ትንሽና ትልቅ አይለይም። እኔ ደግሞ በ790 ዩሮም ቢሆን የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። መስቀሉን ላወልቀው እችላለሁ፤ ማተቡ ግን ከተጠመቅሁ ጀምሮ በአንገቴ ያለ ነው፣ አይበጠስም። እሺም እምቢም ሳልል ወጣሁና ማዳም ዘንድ ሄድኩ። እርሳቸው ቁም ሣጥን ከፍተው ሰማያዊ የአንገት ልብስ አወጡልኝ። ፈረንሳይ ውስጥ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል አንገቱን የማይጠመጥም ሰው የለምና ጉዳዩ በዚሁ አለቀ። ክፍል ውስጥ በመስኮት በኩል የሴባስቶፖሏ ማርያም 16 ሜትር ሆና ትታየን ነበር፤ ይህን ለኃላፊው አላነሣሁባቸውም።

ኅዳር 15 ገባ። ጾመ ነቢያት። ከሁሉ የከበደኝ እምቢታ ይህ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ቤት ከዋናው ምግብ በኋላ አይብ ይቀርባል፣ አይብ የማይበላ ሰው ደግሞ ወይ ታሟል ወይ ተቀይሟል። ማዳም ነርስ ናቸውና መጀመሪያ የጠየቁኝ «አለርጂ ነው?» ብለው ነው። አይደለም። ልጁ «ቪጋን ሆነሻል?» አለኝ። አይደለሁም፣ ከገና ጀምሮ እበላለሁ። ሙሴ «አትወጂውም ማለት ነው?» አሉ። እወደዋለሁ። የእነርሱ እምቢታ ሦስት መሳቢያ አለው፤ ሕመም፣ አቋም፣ ምርጫ። ጾም በአንዱም አይገባም፤ የሚወዱትን ነገር፣ ሳያሙ፣ ለጊዜው፣ ከሌላ ሰው ጋር አብሮ መተው ነውና።

ያስታረቁን አያት ናቸው። በዲሴምበር 24ቱ ራት ላይ፣ ኦይስተሩ ከነቅርፊቱ፣ የዝይ ጉበቱ፣ ቱርክ ዶሮው፣ በግንድ አምሳል የተሠራው ኬክ ሁሉ ተደርድሮ፣ እኔ ፊት ምስርና ዳቦ ሲያዩ «ልጅቷ ለምን አትበላም?» አሉ። ነገርኋቸው፤ የእኛ ገና ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ጃንዋሪ 7 ነው፣ እስከዚያ እንጾማለን አልኩ። አያት ሹካቸውን አስቀምጠው ወደ ልጃቸው ዞሩና፣ በልጅነታቸው በዋዜማ ከእኩለ ሌሊቱ ቅዳሴ በፊት እህል አፋቸው እንደማይገባ፣ እናታቸው ዐርብ ዐርብ ሥጋ እንደማያስነኩ፣ «እርሷ አዲስ ነገር አላመጣችም፣ እኛ ነን የተውነው» ብለው ተናገሩ። ከዚያ በኋላ በቤቱ ስለ አይብ የጠየቀኝ የለም። ጃንዋሪ 7 ቀን ማዳም ከሥራ ሲመለሱ አራት ዓይነት አይብ ይዘው መጡ።

በመካከሉ ደግሞ ቢጫ ሰደሪያ ለባሾች ተነሡ። ኖቬምበር 17 በነዳጅ ታክስ የጀመረው ተቃውሞ መኪና ከሌለህ እንጀራ በማይገኝበት እንደ ሌ ፑዊ ባለ አገር ዘልቆ ገባ፤ ዲሴምበር 1 ቀን የከተማዋ ፕሬፌክቱር፣ ማለት የመንግሥት እንደራሴው መሥሪያ ቤት፣ በተቃዋሚዎች እሳት ተለቀቀበት፤ በሦስተኛው ቀን ፕሬዚዳንት ማክሮን ሳይታሰብ መጥተው ጉዳቱን አይተው ሲመለሱ በስድብና በጩኸት ተሸኙ። ቤታችንም ተከፈለ። ሙሴ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ናቸው፣ ማዳም የተቃጠለውን ሕንፃ እያሰቡ ይናደዳሉ፣ ልጁ ሰደሪያውን ለብሶ አደባባይ ውሎ ይመጣል። አንድ ማታ በገበታ ላይ ድምፃቸው እየጨመረ፣ ሙሴ ጠረጴዛ እየደበደቡ፣ ማዳም «በፍጹም! በፍጹም!» እያሉ ሄዱና እኔ ዐይኔን ሳህኔ ላይ ተክዬ ይህ ትዳር ዛሬ አለቀለት ብዬ ነበር። በእኛ ቤት እንደዚያ የጮኸ ሰው ሽማግሌ ሳይገባ አይታረቅም። ሙሴ ዓረፍተ ነገራቸውን ሳይጨርሱ አይቡን ለሚስታቸው አቀበሉ፤ ማዳም «ሜርሲ፣ ዊ» ብለው ቆረጡ። ያኔ ገባኝ፤ እነዚህ ሰዎች አብረው የሚበሉትን ያህል አብረው ይከራከራሉ፣ ዝም የሚሉት ለማያውቁት ነው። ወደ እኔ ዞረው «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ሲሉኝ «ምንም» አልኩ፤ ሦስቱም ቅር አላቸው።

ማርች 10 እሑድ ነበር። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ወድቆ 157 ሰዎች ማለቃቸውን ማዳም ከሬዲዮ ሰምተው በሬን አንኳኩ። «የምታውቂው ሰው አለበት?» የማውቀው ሰው የለበትም አልኩ፤ ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ አልኩ። እንደ ደንባቸው ቢሆን ይመለሱ ነበር። አልተመለሱም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡና ለብዙ ጊዜ ምንም ሳይናገሩ ቆዩ። ለቅሶ መድረስ ምን እንደሆነ ነግሬያቸው አላውቅም። በሁለተኛው ቀን፣ ማርች 12፣ በምሽቱ ዜና ማክሮን ላሊበላ ቆመው ሲታዩ ሙሴ «የእናንተው ሚካኤል ወደ ታች ነው የተቆፈረው ማለት ነው» ብለው ተገረሙ፤ ሌሎቹም ስለ ጣራ መከለያዎቹ፣ ስለ ቋጥኙ፣ ማን እንደፈለፈለው እየጠየቁኝ ያ ማታ እኔ ብቻ ተናጋሪ ሆንኩ። ኤፕሪል 15 ምሽት የፓሪሷ ኖትር ዳም ስትቃጠል ደግሞ ተናጋሪ አልነበረም። እኔም ከእነርሱ ጋር ሶፋው ላይ ተቀምጬ ዝም አልኩ።

የእኛ ፋሲካ በዚያ ዓመት ኤፕሪል 28 ዋለ፤ ውሌ ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረው። ትምህርት ቤት ዕረፍት ላይ ስለነበረ ቅዳሜ ጠዋት ከገበያው ዶሮ ገዛሁ፤ እናቴ በፖስታ የላከችው በርበሬ ነበር፤ ሽንኩርት ሦስት ኪሎ። ዶሮውን አሥራ ሁለት ብልት ሳወጣ ቤተሰቡ እንደ ቀዶ ሕክምና ከበው አዩኝ፤ ማዳም በሙያቸው «ጥሩ እጅ አለሽ» አሉኝ። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት አራት ሰዓት ሲቁላላ ልጁ ሁለት ጊዜ መስኮት ከፈተ። እንጀራ ስለማይገኝ በዳቦ ቀረበ። እሑድ እኩለ ቀን ላይ ስድስት ሰው ሆነን ተቀመጥን፤ አያትና አንድ ጎረቤት ነበሩ።

ሙሴ የመጀመሪያውን ሳህን ጨርሰው ግንባራቸውን በፎጣ እየጠረጉ ነበር። ጭልፋውን አንሥቼ ሁለተኛ ላወጣላቸው ስል፣ እጃቸውን ሳህናቸው ላይ ከድነው «ሜርሲ» አሉ። ሰባት ወር ሙሉ የተማርኩትን አውቃለሁ፤ እምቢ ነው፣ ይከበራል። እጄ ግን ከእናቴ ቤት የመጣ ነውና አልተመለሰም። እግሩንና አንዱን እንቁላል ሳህናቸው ላይ አኖርኩና ሳላስበው በአማርኛ «በሞቴ!» አልኩ።

ልጁ ወዲያው «ምን ማለት ነው?» አለ። ትርጉም ሥራዬ ነውና ቃል በቃል ተረጎምኩት፤ «በእኔ ሞት» ማለት ነው አልኩ። ገበታው ፀጥ አለ። ማዳም ሹካቸውን አቆሙ። አያት አማተቡ። ሙሴ የዶሮውን እግር አይተው፣ እኔን አይተው፣ «ለዚህ?» አሉ። «አዎን» አልኳቸው።

«እንግዲያስ አትሙቺ» ብለው በሉት።